«አንድ ዓመት ብቻ ነው» ለተባላችሁ የወሎ ልጆች፦ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። የፓስፖርት ማመልከቻ የምሞላው፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት ስካን የማደርገው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማን ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ቀድሜ አውቃለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ ወረቀት የሳውዲ፣ የኩዌት፣ የቤሩት ነበር። አሁን የሩሲያ ወረቀት የያዙ ወንዶች ልጆች ይመጣሉ። ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከሐርቡ ሳይቀር። አብዛኞቹ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላቸውም።

የመጀመሪያው የአክስቴ ልጅ ነበር። በኤሌክትሪክ ደረጃ 3 ጨርሶ ሥራ ስላጣ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ደላላው በቴሌግራም አገኘው። ያቀረበለት ይህን ነው፦ ሞስኮ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ፣ በወር 2,000 ዶላር፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ ሲያልቅ የሩሲያ ፓስፖርት። ለቪዛ፣ ለቲኬትና «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» 170,000 ብር ተጠየቀ። አክስቴ በሬ ሸጠች፤ የእቁብ ዕጣዋን ለምና ቀድማ ወሰደች፤ የጎደለውን እኔና ወንድሜ ሞላን። አዎ፣ እኔም ከፍያለሁ። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

በጥር ወር ዱዓ ተደርጎለት ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አራት ገጽ ወረቀት በፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ በድምፅ፣ «ነገ ጠዋት ትፈርማላችሁ ብለውናል፤ ነገሩ ጥበቃ አልመሰለኝም፤ እስቲ ምን እንደሚል እይልኝ» ይላል። ተኝቼ ነበር። ያየሁት ከሱብሒ በኋላ ነው።

ፎቶውን በስልክ መተርጎሚያ እያሳለፍኩ መስመር በመስመር አነበብኩት። ርዕሱ ላይ የወታደራዊ አገልግሎት ኮንትራት ይላል። በሩሲያኛ «ቮየናያ ስሉዥባ» ነው የሚባለው፤ ይህን ቃል ያዙት። መጋዘን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ዘመኑ አንድ ዓመት ተብሎ ተጽፏል። ስደውልለት ፈርሟል። «አንድ ዓመት ነው እኮ፣ እችለዋለሁ፤ እማን አብሽሪ በላት» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ሊሰበስቡብን ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። አክስቴ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ጥሪውን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጋ ነው የምትተኛው። መብራት ሲጠፋ፣ እኔ ጋ ጄኔሬተር ስላለ፣ ስልኩን በጎረቤት ልጅ ትልክልኛለች። ደላላው «የኔ ሥራ ማድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ አላውቅም» ብሎ ነበር፤ አሁን ቁጥሩ አይሠራም።

እስካሁን ያወራሁት ስለተታለለ ልጅ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አውቆ የሚሄደው ነው። «ጦርነት መሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ ዓመት ታግሼ ሲኖትራክ ገዝቼ እመጣለሁ» የሚለኝ ልጅ ብዙ ነው። አንተን ነው የማናግርህ ወንድሜ። ሞኝ አይደለህም፤ ሒሳብ ሠርተህ ነው። ሒሳቡ ውስጥ ያልገባልህ አንድ ነገር ግን አለ።

ወረቀቱ ላይ አንድ ዓመት መባሉ እውነት ነው። እኔም አንብቤ ለአክስቴ ያንኑ ነገርኳት። ኋላ የደረስኩበት ሌላ ወረቀት አለ፤ እሱን ለፈራሚ ማንም አያሳየውም። ፑቲን ለዩክሬኑ ጦርነት በመስከረም 2015 ዓ.ም ከፊል የክተት አዋጅ ሲያወጣ፣ በኮንትራት ያለ ወታደር ሁሉ ውሉ አዋጁ እስኪነሳ ድረስ እንደጸና ይቀጥላል ተብሎ ተደንግጓል። ከዚያ በፊት የሚያስወጣው የዕድሜ ጣሪያ፣ ለአገልግሎት ብቁ ያልሆነ አካል ወይም የእስር ፍርድ ነው። ስለዚህ የምትፈርመው «አንድ ዓመት» በሌላ ሰው እጅ ያለ አንድ ዓመት ነው። ደሴ ላይ ቤት ስትከራይ እንኳ መቼ እንደምትለቅ ታውቃለህ።

ይበቃኛል ብለህ ብትወጣስ? ሳውዲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከፊሉ (አሠሪህ) ፓስፖርት ቢይዝብህ፣ ደመወዝ ቢከለክልህ፣ የመጨረሻው መጨረሻ ጠፍተህ ወጥተህ ለሹርጣ (ለፖሊስ) እጅህን ሰጥተህ ትጠረዛለህ። ባዶ እጅህን ቢሆንም ቦሌ ትደርሳለህ። ከግንባር መጥፋት ግን እንደዚያ አይደለም። በዚያው መስከረም ሩሲያ ሕጓን አጥብቃለች፤ በክተት ጊዜ ከሠራዊት የከዳ እስከ 15 ዓመት፣ በፈቃዱ ለጠላት እጁን የሰጠ እስከ 10 ዓመት ይታሰራል። አንተ ደግሞ ፈርመህ ገብተሃል፤ ስለዚህ በዚያ አገር ዓይን ከዳተኛ ወታደር ነህ፣ የተበደለ ሠራተኛ አይደለህም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ደመወዙ የሚገባው በሩሲያ ባንክ ካርድ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ሥራቸውን ስላቆሙ እዚያ የወጣ ካርዳቸው ከሩሲያ ውጭ አይሠራም። ዌስተርን ዩኒየንም በዚያው ወር ነው የወጣው። ትልልቆቹ የሩሲያ ባንኮች ስዊፍት ከሚባለው የዓለም አቀፍ የባንክ መገናኛ ተቆርጠዋል። ከጅዳ ሃዋላ ሲላክ በሰዓቱ ደሴ ይገባል፤ ከጉድጓድ ውስጥ፣ ስልክ ተሰብስቦብህ፣ ካርድህ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ለእናትህ የምትልክበትን መንገድ እስቲ ደላላውን ጠይቀው። ብትሞት ለቤተሰብ ይከፈላል የሚሉትም ገንዘብ ሟች መሆንህ በሩሲያ ወረቀት ሳይረጋገጥ አይወጣም። የወሎ ቦረና ገበሬ እናት ይህን በየትኛው ቋንቋ፣ በማን በኩል ታስጨርሳለች?

ፓስፖርቱ፣ እውነት ነው፣ ሕግ አለው። በኮንትራት ለሚዘምት የውጭ ሰው ዜግነት እንዲቀል እ.ኤ.አ. በ2022 ተደንግጓል፤ በጥር 2024 ደግሞ ለቤተሰቡም ተጨምሯል። ደላላው እውነት የሚናገረው ይህን ብቻ ነው። ግን አስብበት፤ የሩሲያ ዜጋ ስትሆን ኢትዮጵያ ላንተ የምትከራከርበት መንገድ ይጠባል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይቀበልም።

«ጦርነት አይተናል» የሚሉኝ አሉ። አይተናል፤ በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነቱ ሲገባ እኔም ልጆቼን ይዤ በእግር ወጥቻለሁ። ግን ያኔ የትኛውም ቤት አንኳኩተህ እንጀራ ታገኝ ነበር፤ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ውሃ ስጡኝ ብትል የሚሰማህ አለ። እዚያ «ቮዳ» (ውሃ) ማለትን በሁለት ሳምንት ሥልጠና ተምረህ፣ አዛዡ የሚጮኸውን ሳትሰማ፣ ከላይህ ድሮን እያንዣበበ ትገባለህ። ሽማግሌዎች ደግሞ ኮሪያን ያነሳሉ። ቃኘው ሻለቃ ከ6,000 በላይ ሆኖ የዘመተው መንግሥት ልኮት ነው፤ ባንዲራ ይዞ፣ በራሱ መኮንን እየታዘዘ፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ ተመለሰ። ደላላ በቴሌግራም ከሚሸኘው ልጅ ጋር አታወዳድሩብኝ።

ይህ የኛ ሰፈር ወሬ ብቻም አይደለም። በሚያዝያ 2014 አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ወታደር ይቀጥራሉ በሚል ወሬ ወጣቶች ተሰልፈው እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ኤምባሲው ራሱ «አንቀጥርም» ብሎ መግለጫ አወጣ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ዜጎቿ ለሥራ ወደ ሩሲያም ወደ ዩክሬንም እንዳይሄዱ ከለከለች። በዚያው ዓመት የሕንድ ፖሊስ በሥራ ስም ልጆችን ወደ ግንባር የሚልክ መረብ ያዘ። ኬንያ በመስከረም 2025 ናይሮቢ አጠገብ ከአንድ ቤት 22 ሰው አስወጣች፤ ሁሉም ለሩሲያ ጉዞ ተዘጋጅተው ነበር። በኅዳር ደግሞ 17 ደቡብ አፍሪካውያን ከዶንባስ፣ ከምሥራቅ ዩክሬን ግንባር ሆነው አውጡን ብለው ለመንግሥታቸው ደወሉ። የዩክሬን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያኔ ከ36 የአፍሪካ አገሮች ቢያንስ 1,436 ሰው በሩሲያ በኩል እየተዋጋ ነው ብለዋል፤ የተዋጊ ወገን ቁጥር ነውና እንደዚያው ያዙት። በሌላው ወገን እንዘምታለን ለምትሉም ያው ነው፤ የዩክሬን ኤምባሲ ዳካር ላይ ፈቃደኛ ተዋጊ በፌስቡክ ሲጠራ ጥሪውን ከገጹ ያስወረደው የሴኔጋል መንግሥት ነው።

እህቶቻችን ላይም አንድ ቃል። ከ18 እስከ 22 ዓመት ላሉ ሴቶች «ነጻ ቲኬት፣ ሥራና ትምህርት፣ ሩሲያ» የሚል አላቡጋ የሚባል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ቦታው ታታርስታን የሚባል የሩሲያ ክልል ነው። ከአፍሪካ የሄዱ ልጆች የጦር ድሮን ሲገጣጥሙ መገኘታቸው በ2024 ተጋልጧል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የዩክሬን ድሮን ማደሪያቸውን መትቶታል።

አሁን ወረቀት የያዛችሁ፣ ይህን አድርጉ። በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ውጭ የሚሄድ ሰው በወረዳው ሥራና ክህሎት ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ነው የሚሄደው። በአዋጅ 923/2008 ቪዛውንና የደርሶ መልስ ቲኬቱን የሚችለው አሠሪው ነው፤ የአንተ ወጪ ፓስፖርት፣ ምርመራ፣ ምስክር ወረቀት የመሳሰሉት ናቸው። ለቪዛና ለቲኬት 170,000 አምጣ ያለህ ሰው እዚያው ላይ ወድቋል። የከፈላችሁ ካላችሁ የባንክ ደረሰኙንና የቴሌግራም ወሬውን አታጥፉ፤ ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ሰው ስልክ ላይም አስቀምጡ፤ ለፖሊስ አመልክቱ። በማታለል ሰው መላክ በአዋጅ 1178/2012 ወንጀል ነው። ሞስኮ ደርሳችሁ ያልፈረማችሁ ደግሞ አትፈርሙ፤ የኢትዮጵያ ኤምባሲ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። «ቆይ ዘመድ ላስነብብ» በሉ። የአክስቴ ልጅ ያጣው ይህችን አንድ ጠዋት ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንድ የሐይቅ ልጅ መጥቶ ነበር። ፓስፖርቱን ስካን አደረግሁለት፤ ወረቀቱን ሳየው ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ደላላው ለኔ የነገረኝ ሌላ ነው» አለ። ደውልና ዓመቱ ሲያልቅ የሚያሰናብተኝ ማነው በለው፣ አልኩት። እዚያው ሱቄ ውስጥ ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። ደላላው «አንተ መጀመሪያ ግባ፣ እዚያ ይነግሩሃል» ብሎ ዘጋበት። ልጁ ምንም አልተናገረም። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ፤ ሮጬ ብወጣም መናኸሪያው ግርግር ውስጥ ጠፋብኝ።

የሐይቁ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ አራቱ ጉርድ ፎቶዎችህ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። መጥተህ ውሰዳቸው። ለስካኑ የከፈልከውንም እመልስልሃለሁ፤ የቀረውን ወረቀት አብረን እናነበዋለን።