ለውሻዬ የገዛሁት 10 ሜትር ገመድ፣ ጸደይ ላይ ከሞከርኩት በኋላ

እሺ ይሄን ገመድ የገዛሁት ጸደይ ገብቶ ዛፎቹ ሲያብቡ ውሻዬን ይዤ ገጠር ስወጣ በአጭሩ ገመድ እየጎተተችኝ ክንዴ ሊነቀል ስለደረሰ ነው። 10 ሜትር ነው፣ ላዩ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ እና እውነቱን ለመናገር ወድጄዋለሁ። የድሮው ናይለን ጤዛ ሲነካው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል ጭቃውም አይለቅም፣ ይሄ ግን በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው በቃ። እሷ የረገፈውን አበባ እያሳደደች እኔ ቀና ብዬ ነጩንና ሮዙን እያየሁ፣ ማንም ማንንም ሳይጎትት ሰዓቱ ይሄዳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዛፉ ራሱ! ሶስቱን ዞራ ተጠላልፋ ቆማ ታየኛለች፣ መፍታቱ የኔ ስራ ነው። ስትሮጥ ደሞ በባዶ እጅ ከያዛችሁት ያቃጥላል፣ እኔ መዳፌ ተልጦ ነው የገባኝ፣ ጓንት አድርጉ። አንገቷ ላይ ካለው ማሰሪያ ጋር በጭራሽ እንዳታያይዙት፣ ሮጣ ሮጣ ገመዱ ድንገት ሲያልቅ አንገቷን ነው የሚጎዳት፣ ደረት ላይ ከሚታሰረው ጋር አርጉት።

መንጠቆው ግን ርካሽ ነገር ነው፣ ከአሁኑ ዝገት ጀምሮታል።

አንድ ነገር ላክል፣ ረጅም ገመድ ማለት አፏ ከናንተ ራቀ ማለት ነው። የኮክና የቼሪ ቅጠልም የፍሬው አስኳልም ሲታኘክ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያወጣል፣ ስለዚህ ስታመነዥክ ካያችኋት ቶሎ ሳቡ። ቤት ስትገቡ ጆሮዋንና የጣቶቿን መሀል ለመዥገር ፈትሹ። ለገመዱ ከ5 ኮከብ 4፣ አንዱን የቀነስኩት ለመንጠቆው ነው።