የብረት ቸርኬ ወይስ የአሉሚኒየም? ለቪትዝ ምትክ ሲመረጥ

ለቶዮታ ቪትዝ ምትክ ቸርኬ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማረጋገጥ ያለበት፣ ቸርኬው የብረትም ይሁን የአሉሚኒየም፣ 4ቱ የቡሎን ቀዳዳዎች በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ መቀመጣቸውንና የመሐል ቀዳዳው ከ54.1 ሚሊሜትር አለማነሱን ነው፤ ሰፋ ካለ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል።

የብረቱ ቸርኬ፦ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ጉድጓድ ገብቶ ቢጣመም ብዙ ጊዜ ይቃናል፤ ሆኖም ይዝጋል።

የአሉሚኒየሙ፦ ለዓይን ያምራል (ብዙዎች የሚገዙትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚሁ ነው)። በኃይለኛ ምት ግን ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ያገለገለ ሲገዛ በውስጥ በኩል የብየዳ ምልክት እንዳለውና እንደሌለው በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ተበይዶ ቀለም የተቀባውን እኔ በነጻ ቢሰጠኝም አልገጥመውም። የብረቱ ዳዶም ለዚህኛው ላይሆን ይችላል።

ከ14 ወደ 15 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ሰው ጎማውንም መለወጥ ግድ ይሆንበታል። 175/65 (ስፋቱ 175 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ) የነበረው በ185/55 ቢተካ የጎማው አጠቃላይ ቁመት ከ583 ወደ 585 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሆን የፍጥነት መለኪያው እምብዛም አይዛባም፤ የጎማው ጎን ስለሚያጥር ግን የጉድጓዱ ምት ለቸርኬው ይተርፋል።

ኮብልስቶንና ኮረኮንች ለሚበዛበት አሽከርካሪ ባለ 14 ኢንቹ ብረት ይስማማዋል፤ በደህና አስፋልት የሚመላለስና ወጪው የማይከብደው አሉሚኒየሙን ቢመርጥ አይሳሳትም።