እምቢ የሚል ካሜራ፦ ስምንት ወር ከኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ጋር

ካሜራውን መጀመሪያ ይዤ የወጣሁ ቀን፣ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። ድልድይ ላይ ቆሜያለሁ፣ ከፊቴ ወንዙና ከተማው ተዘርግተዋል፣ ቁልፉን ስጫን አላነሳም አለ። በመመልከቻው ውስጥ ከታች በኩል ቀይ ነገር እንደ ምላስ ብቅ ይላል። ደግሜ ብጫን ያው ምላስ። አብራኝ የነበረችው እህቴ ዞር ብላ አየችኝና «ክዳኑን አታነሳውም?» አለችኝ።

አፈርኩ። ግን ካሜራውን የወደድኩት ያኔ ነው። በዚህ ዓይነት ካሜራ መመልከቻው ከሌንሱ የተለየ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ክዳኑ ቢዘጋም ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። ሌላ ቢሆን ዝም ብሎ የፊልሙን 36 ፎቶ በሙሉ በጨለማ ያስጨርሰኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሪፕ 35 ባትሪ የለውም። በሌንሱ ዙሪያ ያለው የንብ ቀፎ የመሰለ መስታወት ስር ሴሌኒየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ በዚያች ኤሌክትሪክ ካሜራው ውስጥ ያለች መርፌ ትነሳለች። ካሜራው መርፌዋ የደረሰችበትን ይዞ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋትና ፍጥነቱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ራሱ ይመርጣል። ክዳኑ ከተዘጋ ብርሃን የለም። ብርሃን ከሌለ መርፌዋ አትነሳም። መርፌዋ ካልተነሳች ቀዩ ምላስ ይወጣል፣ ቁልፉም ይቆለፋል። በቃ።

የተሠራው ከ1967 እስከ 1984 ነው፣ በፈረንጆቹ። ስሙ እንደሚለው ለመንገደኛ የታሰበ ዕቃ ነው። እኔም ለዚያው ነው የገዛሁት። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ትልልቅ ከተሞችን በእግሬ ዞሬበታለሁ፣ 14 ፊልም ጨርሻለሁ። ክብደቱ 400 ግራም ገደማ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ሲውል አላስቸገረኝም። ቻርጀር የለ፣ ገመድ የለ።

ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ለመንገድ ልክ ነው፤ አንድ ሰው፣ ከጀርባው ሱቅ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የብስክሌት ጎማ ይገባል። ለሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ግን አይሆንም። ሕንጻው ስር ቆሞ ጫፉን ለማስገባት መንጠራራት ትርፉ የአንገት ሕመም ነው። ወይ መንገዱን ተሻግሮ፣ ወይ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ነው የሚነሳው። እኔ ጫፉን ትቼ በሩን ማንሳት ጀመርኩ። በሮች ላይ ሰው ይወጣል፣ ይገባል፣ ጃንጥላ ይዘረጋል።

ብርሃኑን ለካሜራው ብተውለትም የሚሸወድበት ቦታ አለ። ደማቅ ሰማይ ከበዛ እሱን ይለካና ሰዎቹን ከሰል አድርጎ ያመጣቸዋል። የመጀመሪያው ፊልሜ ግማሹ ጥላ ብቻ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራውን ወደ አስፋልቱ ዝቅ አድርጎ ቁልፉን እስከ ግማሽ መጫን፣ ጣትን ሳያነሱ ቀና ብሎ መጨረስ። መርፌዋ ግማሽ ላይ ሲጫኑ ባለችበት ተይዛ ትቆያለች።

ፊልሙን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ፍጥነቱ ሁለት ብቻ ነው፣ 1/200 እና 1/40 ሰከንድ። ለጠራራ ፀሐይ 200 አይ ኤስ ኦ ፊልም በቂ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ፊልሙ በትንሽ ብርሃንም ይሠራል)። ረጃጅም ሕንጻዎች ጥላቸውን በሚጥሉበት መንገድ ግን 400 ይሻላል፤ አለበለዚያ ካሜራው ወደ 1/40 ይወርድና የሚራመድ ሰው ሁሉ ደብዝዞ ይወጣል። ከ400 በላይ ማስተካከል አይቻልም፣ መደወያው እዚያ ያበቃል።

ትልቁ ቅሬታዬም ከዚሁ ይመጣል። ከተማ የሚያምረው ሲመሽ ነው። መብራቱ ሲበራ፣ መስታወቱ ሲያንጸባርቅ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ቀዩ ምላስ ብቅ! በመጀመሪያው ጉዞ በጣም ተናደድኩበት። በኋላ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ የሚቀይረውን ቀለበት «ኤ» ከምትለው (ካሜራው ራሱ ከሚመርጥበት) አውጥቼ 2.8 ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው በጣም በሚሰፋበት፣ ሳደርገው እንደማይከለክለኝ አወቅሁ። ይህ ቦታ የተሠራው ለፍላሽ ነው፤ ፍጥነቱ 1/40 ላይ ይቆማል፣ ካሜራውም እንዳሻህ ይልሃል። በ400 ፊልም ደመቅ ያለ የሱቅ መስኮት ፊት የቆመ ሰው በደንብ ይወጣል። ግድግዳ መደገፍና ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ለጨለመ ግን ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ዝም ብዬ እሄዳለሁ።

እንዲያውም እምቢ ሲል አይደለም ያስለቀሰኝ። ያስለቀሰኝ ዝም ሲል ነው።

ርቀትን አይለካም፣ አይጠይቅምም። ሌንሱ ላይ አራት ሥዕሎች አሉ፦ አንድ ራስ፣ ሁለት ሰዎች፣ ብዙ ሰዎች፣ ተራራ። አንዱ ራስ አንድ ሜትር ነው፣ ብዙዎቹ ሦስት ሜትር። እህቴን ቀረብ ብዬ አነሳኋትና የርቀቱን ቀለበት አንዱ ራስ ላይ ረሳሁት። ከዚያ በኋላ ያነሳሁት አደባባይ፣ ትራም፣ ገበያ ሁሉ ድብዝዝ ብሎ መጣ። አሁን ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ወደ ብዙዎቹ ሰዎች እመልሰዋለሁ። የሌንሱ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ኤፍ 8 ላይ ከሆነ ከሁለት ሜትር እስከ አምስት ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፣ ለመንገድ ደግሞ ይኸው ይበቃል። መመልከቻው ውስጥ ከታች ያለችው ትንሽ መስኮትም ሥዕሉን ስለምታሳይ እሷን ማየት ልማድ ይሁንላችሁ።

የባሰው ገና ነው። በሁለተኛው ከተማ አንድ ሙሉ ቀን አሮጌውን ሰፈር ስዞር ዋልኩ። ቁጥሩ 36 ደረሰ። ከዚያ 37። ከዚያ 38። ደስ አለኝ፣ ፊልሙ ተረፈኝ ብዬ። 40 ሲሆን ሆዴ ቦጭ አለ። የፊልሙ ጫፍ ጥርሱን ስላልያዘ ከነጭራሹ አልተንቀሳቀሰም ነበር። ቆጣሪው የሚቆጥረው የማዞሪያውን ጎማ እንጂ ፊልሙን አይደለም። ምልክቱ በስተግራ ያለው መጠንጠኛ ነው። ፊልሙን ወደፊት ስታዞሩ እሱም አብሮ ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው፤ ካልዞረ ባዶ ነው የምታነሱት። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እናንተ ግን ሰማችሁ።

አየር ማረፊያ ላይ ደግሞ ፊልም በሻንጣ አታስገቡ። አዲሶቹ የዕቃ መፈተሻ ማሽኖች፣ ሲቲ ስካነሮች፣ ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ፣ ኮዳክም በነሱ እንዳታሳልፉ ይመክራል። ፊልሞቹን ግልጽ በሆነ ላስቲክ አድርጌ በእጅ እንዲፈተሹልኝ እለምናለሁ። አንዴ ፈታሹ አልሰማም ብሎ በአሮጌው ራጅ አሳለፋቸው፣ ምንም አልሆኑም።

በአራተኛው ወር ፎቶዎቹ ጥግ ላይ ብርቱካናማ መስመር መታየት ጀመረ። የጀርባው በር ዙሪያ ያለው ጥቁር ስፖንጅ አርጅቶ ተፈርፍሯል፣ ብርሃን ያስገባል። ፍርፋሪውን ጠርጌ አዲስ ለጠፍኩበት፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አሮጌውን ስትገዙ መጀመሪያ ይህን እዩ። ቀጥሎ ክዳኑን ዘግታችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ምላሱ ካልወጣ ተዉት።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን የካሜራው ጥፋት አይደለም። አንድ ፎቶ ቤት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊልሞች አጥቦ ስካኑን ላከልኝና ኔጋቲቩን፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም ራሱን፣ ጣለው። ለካ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ።

በመጨረሻው ጉዞ፣ በመጨረሻው ማታ፣ ቆጣሪው 30 ላይ እያለ እህቴ ጣቢያው በር ላይ ቆማ «አንሳኝ» አለች። ተጫንኩ፣ ምላሱ ወጣ። ቀለበቱን 2.8 ላይ አድርጌ ደገምኩ።

«አይኔን ጨፍኜ ነበር?»

«እኔ እንጃ።»

ፊልሙ እስካሁን ካሜራው ውስጥ ነው። ስድስት ፎቶ ይቀረዋል። እሷ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች።