ሳጥን ወይስ ማሰሪያ፦ ከመጠለያ የመጣ ጎልማሳ ውሻ ውጭ መጸዳዳትን ሲለምድ

ከመጠለያ የመጣ ጎልማሳ ውሻ ቤት ውስጥ እንዳይጸዳዳ ለማስለመድ፣ አንዳንዱ ክትትል በማይኖርበት ሰዓት በር ባለው የውሻ ማረፊያ ሳጥን ዘግቶ ያቆየዋል፤ ሌላው በማሰሪያ ከአጠገቡ ሳይለይ በሰዓቱ ያወጣዋል። ሳጥኑ የሚሠራው ውሻ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ ስለማይወድ ነው፤ ነገር ግን በጠባብ ክፍል ለወራት ተዘግቶ በተኛበት መጸዳዳትን የለመደ ውሻ ይህ ጠባዩ ሊዳከምበት፣ ሲዘጋበትም ሊያላዝንና በሩን ሊቧጭር ስለሚችል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሰሪያው ይሻላል እላለሁ። ሲነቃ፣ ከበላ በኋላና ከመተኛቱ በፊት ይወጣል፤ ወለሉን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ግን ሰዓት አይጠበቅም። ሽልማቱም እንደጨረሰ እዚያው ይሰጠው፤ ቤት ከገባ በኋላ የሚሰጠው ቁራሽ፣ ለእሱ የመግባቱ ዋጋ ነው። ሌሊት ግን ባለቤቱም መተኛቱ ስለማይቀር፣ ሳጥኑን ለማይፈራ ውሻ ሳጥኑ ይመረጣል።