ቅኝትን በጆሮ ለመልመድ ብሩን የት ላውጣ? መምህር፣ አፕ፣ ሉፐር ወይስ ክራር

ሐዋሳ ውስጥ ጊታር ያዝ ያዝ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። አንዳንዱ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ያጅባል። አንዳንዱ አመሻሽ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር ይቀመጣል። ኮርድ መምታት ላይ ብዙም ችግር የለም። የሚከብደው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ዜማ ሰምቶ "ይሄ አምባሰል ነው፣ ያኛው ባቲ ነው" ብሎ ጣትን ወደዚያ መውሰድ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አራቱ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት ማለት ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆችና መነሻቸው ነው።

ለዚህ ገንዘብ ለማውጣት የተዘጋጁ ልጆች ምን ይሻላል ይሉኛል። ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሦስት ነገር ነው፤ የግል መምህር፣ የስልክ አፕ እና ሉፐር ፔዳል (የተጫወቱትን ቀድቶ የሚደጋግም ዕቃ)። እኔ አራተኛ እጨምርበታለሁ፤ ክራር። አራቱንም ሞክሬያለሁ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብር በብር አላወዳድርም። የማወዳድረው ለጆሮ በሚሰጡት ነው።

መጀመሪያ ግን የምለካበትን መለኪያ ልንገራችሁ።

ጊታር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቦታ የሦስት ወር ከፍዬ ተማርኩ። ቅኝት የሚሰጠን በቁጥር ነበር። ይሄ ክር፣ ይሄ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር)፣ ይሄ ጣት። ትዝታ ማይነርን በዚያ መንገድ ሸመደድኩት። በፍጥነትም እጫወተው ነበር። አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ አንዲት እህት መዝሙር አነሳች። የያዝኳቸው አምስት ድምፆች በሙሉ ገጠሙ። የሚሻክር አንድም የለም። ግን ስንኙ ባለቀ ቁጥር እሷ አንድ ቦታ ታርፋለች፣ እኔ ሌላ ቦታ። በመጨረሻ አቆመችና "ወንድሜ፣ ወዴት እየወሰድከኝ ነው?" አለችኝ። መዝሙሩ አምባሰል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አሁኑኑ በጊታራችሁ ሞክሩት። ከቀጭኑ ተቆጥሮ አራተኛው ክር ላይ 2፣ 3፣ 7፣ 9 እና 10ኛ ፍሬቶችን ተጫወቱ። ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ (E፣ F፣ A፣ B፣ C) ናቸው። አምስተኛውን ክር፣ ኤን ማለቴ ነው፣ ሳትይዙት እየመታችሁ አጅቡ። ዜማችሁን 7ኛው ፍሬት ላይ አሳርፉ። ይሄ ትዝታ ማይነር ነው። ቀጥሎ አምስተኛውን ተዉትና ስድስተኛውን ክር፣ ኢን እየመታችሁ እነዚያኑ ፍሬቶች ተጫወቱ። አሁን 2ኛው ፍሬት ላይ እረፉ። አምባሰል ሆነ። ፍሬቱ ያው ነው፣ ድምፆቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚመለስበት መነሻ ድምፅ ነው።

የፈረንጆቹ ሞድም (የእነሱ ቅኝት በሉት) እንዲሁ ነው። ከሲ እስከ ሲ አዮኒያን የሆነው ከዲ ሲነሳ ዶሪያን፣ ከኤ ሲነሳ ኤዎሊያን ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ የምታወጡበት ነገር መነሻውን ድምፅ ጆሯችሁ ውስጥ ካላስቀመጠ፣ ጣታችሁን ብቻ ነው የሚያሠራው። መለኪያዬ ይሄው ነው።

ከመምህር ልጀምር። ጥሩ መምህር ካገኛችሁ ከአራቱ የሚስተካከለው የለም። ምክንያቱም ስትሳሳቱ የት እንደተሳሳታችሁ ይሰማል። አፕ "ተሳስተሃል" ይላል። መምህር ግን "መነሻውን ረስተኸዋል፣ እስቲ መጀመሪያ አዚመው" ይላል። በሁለቱ መሃል ሰፊ ልዩነት አለ።

ችግሩ ጥሩ ጊታር ተጫዋች ሁሉ ጆሮ ማስተማር አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የማያውቀውን አጭር ዜማ አዚሙለትና በጊታር እንዲመልሰው ለምኑት። ሁለተኛ፣ "ትዝታ ማይነርና አምባሰል በምን ይለያያሉ?" በሉት። ወረቀት አውጥቶ የፍሬት ሥዕል ብቻ ከሳለላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ጊታሩን አስቀምጦ በአፉ ካዜመላችሁ ግን ክፈሉ።

የቡድን ትምህርት ይረክሳል። ለኮርድ ይሆናል፤ ለጆሮ ግን አልመክርም። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ጊታር ሲመታ የራሳችሁን ድምፅ አትሰሙም። የጎበዙን ልጅ ጣት እያያችሁ ትከተላላችሁ። ለብቻ በሁለት ሳምንት አንዴ መማርና በመሃል በየቀኑ የቤት ሥራ መሥራት ይሻላል። ጆሮ በአንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከሚሰጠው በየቀኑ ሩብ ሰዓት ቢያገኝ ይጠቅመዋል። የትራንስፖርቱንም ደምሩ። ከአቶቴ ወደ ፒያሳ በባጃጅ መመላለስ ወር ሲያልቅ ቀላል ወጪ አይደለም።

በኢንተርኔት የሚያስተምሩም አሉ። ማብራሪያቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ አብሮ መጫወት አይቻልም። መምህሩ መነሻውን ይዞላችሁ እናንተ ከላይ ዜማ መሥራት፣ ማለትም ዋናው ልምምድ፣ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ ለከተማችን ልጆች። የሲዳማና የወላይታ ዜማዎችን ሁሉ በአራቱ የቅኝት ስሞች ውስጥ ማጨቅ አይቻልም። "ይሄ ከየትኛው ነው?" ስትሉት፣ ስም ለመለጠፍ ከመቸኮል ይልቅ ዜማውን አዳምጦ መነሻውን የሚፈልግላችሁ መምህር ካጋጠማችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

ወደ አፕ እንለፍ። አፕ ርካሽ ነው፣ አይሰለችም፣ መቶ ጊዜ ብትሳሳቱም አይቆጣም። ጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ባጃጅ ውስጥም ትለማመዳላችሁ። ሁሉም ግን አንድ አይደለም። አንደኛው ዓይነት ስኬሉን (የቅኝቱን ድምፆች በተራ) ከታች እስከ ላይ ያጫውትና "ስሙ ማን ነው?" ይላል። ይሄ ብዙም አይረባም። የሩጫውን ቅርጽ ትለምዱታላችሁ እንጂ ዜማ ውስጥ ስታገኙት አታውቁትም። ሁለተኛው ዓይነት መጀመሪያ ጥቂት ኮርዶች መትቶ መነሻውን ያስይዛችኋል። ከዚያ አንድ ድምፅ ያሰማና "ይሄ ከመነሻው ስንተኛው ነው?" ይላል። ይሄኛውን ፈልጉ። በነፃው ክፍል ሁለት ሳምንት ሳትሠሩ አትክፈሉ። ብዙዎቻችን የውጭ ካርድ ስለሌለን ክፍያው ራሱ ሰው ማስቸገር ይጠይቃል።

አፕ ከሁሉ የሚበልጠው በፈረንጅ ሞዶች ነው። ሮክ ወይም ጃዝ የሚወድ ሰው እዚህ ጋር ገንዘቡን አያባክንም። ሰባቱን ስም ከመሸምደድ በሁለት ቤተሰብ ክፈሏቸው። ከሜጀር ወገን፣ አዮኒያን ራሱ ሜጀሩ ነው። አራተኛው ድምፅ በግማሽ (ጊታር ላይ በአንድ ፍሬት) ከፍ ሲል ሊዲያን፣ ሰባተኛው በግማሽ ሲወርድ ሚክሶሊዲያን ይሆናል። ከማይነር ወገን ኤዎሊያን መነሻ ነው። ስድስተኛው ከፍ ሲል ዶሪያን፣ ሁለተኛው ሲወርድ ፍሪጂያን ይሆናል። ሎክሪያን አምስተኛው ድምፅ ስለሚወርድበት ማረፊያ ያጣል፤ ለኋላ አቆዩት። እንግዲህ ጆሯችሁ የሚፈልገው በእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አፕ ይህን እያመላለሰ ሲጠይቃችሁ በወር ውስጥ ለውጡን ታዩታላችሁ።

ለእኛ ቅኝቶች ግን አፕ ደካማ ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት ለፈረንጅ ስኬል ነው። የምትጠየቁባቸውን ድምፆች ራሳችሁ እንድትመርጡ የሚፈቅድ ከሆነ ግን ዘዴ አለ። ሜጀር ላይ ሆናችሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላን ብቻ ምረጡ። ትዝታ ሜጀር አገኛችሁ። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ እና ሲን (እዚህ ሰባተኛው ድምፅ ነው) ብትመርጡ ደግሞ ባቲ ሜጀር ነው። አምባሰልና አንቺሆዬ ሁለተኛው ድምፃቸው ስለሚወርድ ሜጀር ላይ ሆኖ መምረጥ አይቻልም።

በነፃ የሚገኝ ነገርም አለ። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 ወይም 0.5 ብታደርጉት ዜማው ይዘገያል እንጂ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት አይለወጥም። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት የሰላም ስዩምን አጨዋወት ሐረግ በሐረግ የለቀምኩት በዚህ መንገድ ነው። ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ሥራዎች ግን አንዳንዴ በሁለት ኖታዎች መሃል ይውላሉ። ካሴቱ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሚዛነፍ ነው። ጆሯችሁን አትጠራጠሩ። ጊታሩን ወደ ቅጂው ቃኙት።

ሉፐር ፔዳል በእግር ተረግጦ የተጫወታችሁትን ይቀዳል፣ ደጋግሞም ያጫውታል። መነሻውን በባዶ ክር ትቀዳላችሁ፣ ከላዩ ዜማ ትሠራላችሁ። ኤ ማይነርና ዲ ሜጀርን አከታትላችሁ ብትቀዱ ዶሪያን ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። በመለኪያዬ በጣም ጥሩ ዕቃ ነው።

ወጪው ግን ፔዳሉ ላይ አያበቃም። ጊታራችሁ ኤሌክትሪክ ወይም ድምፁን በገመድ የሚያወጣ ፒካፕ ያለው መሆን አለበት። አምፕሊፋየርም ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልምምዱ ያበቃል። የቦስ አርሲ-1 ሉፐር በ9 ቮልት ባትሪም ይሠራል። የቲሲ ኤሌክትሮኒክ ዲቶ ባትሪ አይቀበልም፣ አዳፕተር ብቻ ነው። ሁለቱን የምታወዳድሩ ከሆነ እዚህ ሐዋሳ ላይ ይሄ ልዩነት ከሌላው ሁሉ ይበልጥብኛል። እሱም ቢሆን የሚረባው በባትሪ የሚሠራ አምፕ ካላችሁ ነው።

ለጆሮ ልምምድ ብቻ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። ስልካችሁ መቅጃ አለው። አንዱን ክር ለአምስት ደቂቃ እየደጋገማችሁ ምቱና ቅዱት። ሲጫወት ከላዩ ዜማ ሥሩ። ግማሹን የሉፐር ሥራ ይሠራል፣ በነፃ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ የጊታር አምስተኛው ክር 110 ኸርዝ ነው (በሴኮንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል)። የስልክ ስፒከር ያን ያህል ወፍራም ድምፅ በደንብ አያወጣም። መነሻውን የማትሰሙት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ፣ ወይም ያንኑ ኤ አንደኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ መታችሁ ቅዱት። እዚያ 440 ኸርዝ ነው፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሉፐር የሚገባው ቀድሞ ኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕ ላለው፣ በዚያ ላይ ለብቻው መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው ነው።

አሁን ክራር። "ጊታር ልማር ብዬ ክራር ልግዛ?" ትሉ ይሆናል። አዎ። የእኛን ቅኝቶች በጆሮ ለመያዝ የፈለገ፣ ጊታር ደግሞ ያለው ሰው፣ መምህር ካላገኘ ገንዘቡን እዚህ ላይ ቢያውል ደስ ይለኛል።

ጊታር ላይ ሁሉም ድምፅ ፍሬት ተሰጥቶት ተቀምጧል። ክራር ግን የሚቃኘው ለቅኝቱ ነው። ቅኝቱን መጀመሪያ በጆሯችሁ ካልሠራችሁት መጫወት አትችሉም። መቃኘቱ ራሱ ትምህርቱ ነው።

እንዲህ አድርጉ። የጊታሩን አምስተኛ ክር መነሻ አድርጋችሁ ክራሩን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ቃኙት። ትዝታ ሜጀር ነው። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ ግማሽ ግማሽ አውርዱ። ትዝታ ማይነር ሆነ። የሆዳችሁ ስሜት ሲለወጥ ይታወቃችኋል። ከዚያ ሁለተኛውን ግማሽ አውርዱ፣ ሦስተኛውን ከሲ ወደ ዲ አንሱ። አምባሰል መጣ። ከአምባሰል አራተኛውን ግማሽ አውርዱና አምስተኛውን ግማሽ አንሱ። አንቺሆዬ ላይ ናችሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ክር ብቻ ነው የተነካው። እኔ አንቺሆዬን ለዓመታት በፍሬት ቁጥር ስፈልገው ኖሬ፣ ጆሮዬ ውስጥ የገባው ክራር ላይ እነዚያን ሁለት ክሮች በእጄ ሳዞር ነው።

በዚያ ላይ ክራር መብራት አይፈልግም። ድምፁ ጎረቤት አይረብሽም። ጉድለትም አለው። የፈረንጅ ሞዶችን አያስተምርም፤ አምስት ወይም ስድስት ክር ለሰባት ድምፅ አይበቃም። የባህል ተጫዋቾች የሚቃኙት ድምፅ ሁልጊዜ ከጊታር ፍሬት ጋር እኩል አይውልም። ያ ስህተት አይደለም። ጊታር ላይ ስትመለሱ ክሩን ትንሽ ገፋ በማድረግ ልትጠጉት ትችላላችሁ።

ስትገዙ ክሩ ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ሳይሆን፣ እንደ ጊታር ያለ የሚዞር መቃኛ የተገጠመለትን ምረጡ። የተጠመጠመው የራሱ ውበት አለው፤ ለጀማሪ ግን ቶሎ እየለቀቀ ጆሮውን ያደናግረዋል። ሱቁ ውስጥ ቃኙት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ስሙት። አዲስ የናይለን ክር ለጥቂት ቀናት መለጠጡ አይቀርም። አንድ ክር ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ በብዙ ከወረደ ግን መቃኛው እየተንሸራተተ ነው፤ ሌላ ይስጧችሁ። ከመርካቶ ዘመድ ገዝቶ በአውቶቡስ የሚልክላችሁ ከሆነ፣ ከመጫኑ በፊት ክሮቹን ላላ እንዲያደርጋቸው ንገሩት። ሲደርሳችሁ የስልኩን ቱነር ሳትከፍቱ፣ መነሻውን ከጊታራችሁ አምስተኛ ክር ተቀብላችሁ በጆሯችሁ ቃኙት።