የትኛውን ድራኩላ ላስጭን?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ ተራ በተራ ደውለው ይህንኑ ጠይቀውኛል። መልሴ አንድ ነው፦ የ1922ቱን ኖስፌራቱ። የደም መጣጩን ቫምፓየር የድራኩላን ታሪክ በሌላ ስም የሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ግን ኮፒውን ሳታዩ አትክፈሉ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

እኔ ሳላይ ከፍዬ ተቃጥያለሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፊልም ቤት ገብቼ ኖስፌራቱንና የ1931ዱን ድራኩላ በ40 ብር አስጫንኩ። ማታ ኖስፌራቱን ስከፍተው፣ የፀሐይ ብርሃን የሚገድለው ጉድ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ ከተማ ውስጥ ይሄዳል። ግራ ገባኝ። ለካ ያኔ ሌሊት ላይ መቅረጽ ከባድ ስለነበር ቀን ቀርጸው፣ ፊልሙን ሰማያዊ ቀለም ነክረው ነው ሌሊት ያደረጉት። የእኔ ኮፒ ላይ ሰማያዊው የለም። ልጁን ለውጥልኝ ብለው «ጋሼ፣ የድሮ ፊልም እንዲህ ነው» አለኝ። አይደለም! ሌላ ቦታ 30 ብር ጨምሬ ደህናውን አገኘሁ። አንድ ፊልም 50 ብር ፈጀብኝ ማለት ነው።

ስለዚህ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍቱት። ሌሊቱ ሰማያዊ ይሁን። ርዝመቱ 94 ደቂቃ ገደማ ይሁን። ሰዉ ሁሉ እንደ ዶሮ ቱር ቱር የሚል ከሆነ ፍጥነቱ ተዛብቷል፤ ተዉት። አንድ ቦታ ግን አትሳሳቱ፦ ሠረገላው ጫካ ውስጥ ሲሮጥ ዛፎቹ ነጭ ይሆናሉ፣ ሠረገላውም ይፈጥናል። እሱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ይህን ያህል የምደክምለት በቦታው ምክንያት ነው። የኖስፌራቱ ዳይሬክተር ሙርናው ካሜራውን ይዞ ከስቱዲዮ ወጣ። የቫምፓየሩ ግንብ ስሎቫኪያ ያለው የኦራቫ ግንብ ነው። ከተማው ጀርመን ውስጥ ቪስማር ነው፤ ቫምፓየሩ የሚገዛው ቤት ደግሞ ሉቤክ ያሉት የድሮ የጨው መጋዘኖች ናቸው። ዛሬም ቆመዋል። የደሴ ሰው ጭጋግ የጦሳን ተራራ ሲሸፍን እያየ ነው ያደገው፤ እውነተኛ ተራራና ከስቱዲዮ የወጣ ጭስ አይምታታበትም። ኦራቫን ሳይ የሚበርደኝ ለዚህ ነው።

የ1931ዱ ሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። የግንቡ አዳራሽ ያምራል፤ ሰፊው ደረጃ፣ ደረጃውን የዘጋው ትልቅ የሸረሪት ድር። እዚያው ግን አርማዲሎ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ የአሜሪካ አውሬ የድራኩላ አገር ትራንሲልቫኒያ ምን ይሠራል? ከዚያ በኋላ አብዛኛው ለንደን ሳሎን ውስጥ የሚወራ ወሬ ነው። ሙዚቃ የለውም ብላችሁ ግን ልጁን አትጣሉት፤ ከመጀመሪያው በቀር ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። በዚያው ቤትና በዚያው ደረጃ ሌሊት ሌሊት ሌላ ቡድን በስፓኒሽ የቀረጸው ድራኩላም አለ። ካሜራው የበለጠ ስለሚዘዋወር አዳራሹን በደንብ ያሳያል። ስቱዲዮ የሚወድ ያንን ይጫን፤ ሰብታይትሉ መኖሩን አይቶ።

የ1992ቱ ድራኩላም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ስቱዲዮ ነው። ልብሱ ግሩም ነው፤ ግን ጥራት ያለው ኮፒ ፍላሽ ይሞላል። በጊጋ የሚያስከፍል ቤት ከሆነ ሂሳቡ ይከብዳል።

ኮምቦልቻ ያለኸው ወንድሜ፣ ላንተማ 30 ብሩንም አታውጣ። ቅዳሜ ወደ ደሴ ስትወጣ ባዶ ፍላሽ ያዝ፤ ሰማያዊውን እኔ ጋ ትገለብጣለህ።