ጓንት ወይስ ወንበር? የማኒ ፓኪያው ሁለት መንገድ

በስምንት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ቦክሰኛ ፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያው ብቻ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ሪንግና ፖለቲካ ሁለቱም ይጠሩት ነበር።

ሪንጉ ርኅራኄ አያውቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሁዋን ማኑዌል ማርኬዝ በስድስተኛው ዙር በአንድ የቀኝ ቡጢ ዘረረው። በፊቱ ተደፍቶ ቀረ፤ ለጥቂት ጊዜ ንቅንቅ አላለም። ያየ ሰው ሁሉ "በቃ፣ አለቀለት" አለ። አላለቀም። በ2019፣ በ40 ዓመቱ፣ በአሥር ዓመት የሚያንሰውንና ተሸንፎ የማያውቀውን ኪት ተርማንን በመጀመሪያው ዙር ጣለው፤ በነጥብም ረታው።

ወንበሩ ቡጢ የለበትም። ልጅ ሳለ ጎዳና ላይ ዶናት ይሸጥ ለነበረ ሰው በ2010 የምክር ቤት አባል፣ በ2016 ሴናተር መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ግን የቦክስ አድናቂ ሁሉ ድምፅ አይሰጥም። በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ። በ2025ም ለሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ።

እኔ ብሆን ከተርማን ድል ማግስት ጓንቱን እሰቅል ነበር። (ሶፋ ላይ ሆኖ ማውራት ቀላል ነው!) እሱ ግን ከምርጫው ሽንፈት ሁለት ወር በኋላ፣ በ46 ዓመቱ፣ ከማሪዮ ባሪዮስ ጋር 12 ዙር ተፋልሞ አቻ ወጣ።